ሳንሰማ የምንገዛው ድምፅ

የሰሚ ያለህ! ጥሩ ስፒከር ቤቴ ላስገባ ያለ ሰው በአዲስ አበባ የሚያየውን አበሳ ማን ይቁጠርለት? ጫማ እንኳ የምንገዛው ለክተን ነው። የወራት ደመወዝ የሚበላ የድምፅ ዕቃ ግን የካርቶኑን ሥዕል አምነን ተሸክመን እንድንሄድ ይጠበቅብናል። «እስቲ ክፈተውና ልስማው» ስንል የሻጩ ፊት ይለዋወጣል። «ካርቶኑ ከተከፈተ ወሰድከው ማለት ነው» ይለናል። ለማሳያ የተደረደረውን እንስማ ካልን ደግሞ የራሱን ፍላሽ ይሰካል፤ ቤዙን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፤ የሱቁ መስታወት መንቀጥቀጥ ሲጀምር «አየህ?» ይላል። አላየንም፤ አልሰማንምም። የሰማነው መስታወቱን ነው።

የምንጠይቀው እኮ ትንሽ ነው። የምናውቀውን ዘፈን ይዘን እንምጣ። ቤዙንና ትሬብሉን መሐል ላይ እናቁም፤ ድምፁን ቤታችን በምንሰማበት ልክ እናድርገው፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጥ። ስፒከር የሚፈተነው በሰው ድምፅ ነው። የሰው ድምፅ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምንሰማው ሲበላሽ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ዘፋኙ በአፍንጫው የሚዘፍን ከመሰለ፣ «ሰ» እና «ሸ» ሲል ጆሮ የሚወጋ ከሆነ፣ ምንም ዋት ይጻፍበት ያ ስፒከር አይረባም። ቀጥሎ ማሲንቆ ነው፤ ጭራ በጭራ ላይ ሲፋተግ ያለው ሸካራነት ሳይለሰልስ መምጣት አለበት። ክራር ሲደረደር ጣቱ ክሩን የነካበት ቅጽበት ለብቻው ይሰማል፤ ድምፁ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ቤዙ ሁሉን የሚያለብስ ስፒከር ላይ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ተድበስብሶ ያልፋል። ይህን ለሻጩ ስናስረዳው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰፈር ይቀሰቅሳል!» ብሎ ይመልስልናል። ሰፈር መቀስቀስ የፈለገ የለም። የፈለግነው አንድ ሰው ፊት ለፊታችን ቆሞ እንደዘፈነ ሆኖ እንዲሰማን ነው።

የዋቱ ነገር ለብቻው እሮሮ ይገባዋል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 10000 ዋት፣ ከሥሩ በደቃቃ ፊደል ፒኤምፒኦ ይላል። ገልብጣችሁ ከጀርባው የተለጠፈውን ስታነቡ ከመብራት የሚስበው 60 ዋት ነው። 60 ዋት የሚስብ ዕቃ ያለማቋረጥ 60 ዋት እንኳ ሊሰጥ አይችልም፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፒኤምፒኦ ማለት ደግሞ አምራቾች ተስማምተው የሚለኩበት መለኪያ አይደለም፤ እያንዳንዱ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፍበታል። አሜሪካኖችም በዚህ ዓይነት ቁጥር ተማርረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የንግድ ኮሚሽናቸው ደንብ አወጣና አምፕሊፋየር የሚሸጥ ሁሉ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል እንዲጽፍ ተገደደ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ፓይነር ያወጣው ኤስኤክስ-1980 የሚባለው ግዙፍ ሪሲቨር በእያንዳንዱ ወገን 270 ዋት ይሰጥ ነበር፤ ለዚያ ያበቃው ትልቅ ትራንስፎርመርና ሰፊ የሙቀት ማስወጫ ስላለው ክብደቱ 35 ኪሎ ያህል ነበር። እኛ ዘንድ ግን በአንድ እጅ የሚነሳ ዕቃ በሺህ የሚቆጠር ዋት ተጽፎበት ይሸጣል፤ የሚጠይቅም የለም። ስለዚህ በትልቅ ትራንስፎርመር የሚሠራውን ዓይነት ከቁጥሩ በፊት አንሥታችሁ መዝኑት። በዚያ ዓይነት አሠራር ብረት የሌለው አምፕሊፋየር ኃይል የለውም።

ብዙ ዋት ያስፈልገናል የሚለውም ቢሆን ሰው አምኖት የቀረ ነገር ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ቢል ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። በሌላ በኩል 92 ዴሲቤል የሚል ስፒከር 86 የሚለው በአራት እጥፍ ኃይል የሚያወጣውን ድምፅ በአንድ እጅ ኃይል ያወጣዋል። ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ጥቂት ንጹሕ ዋት ይበቃዋል። ይህችን የዴሲቤል ቁጥር ጽፎ የሚሸጥልን ግን ስንት ሱቅ አለ?

አዲሱን ትቶ አሮጌውን ላሳድስ ያለ ደግሞ ሌላ መከራ ይጠብቀዋል። አሮጌውን የምንወደው ለትዝታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩትን ማራንዝ፣ ሳንሱይ፣ ፓይነር፣ ጄቢኤል የሚያህል ዕቃ ዛሬ በአዲስ ልግዛ ቢሉ ዋጋው የማይቀመስ ነው። ደግሞም እንዲጠገኑ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ክዳናቸው በብሎን ይፈታል፣ ውስጣቸው ሰፊ ነው፣ እያንዳንዱ ዕቃ በዓይን ይታያል። በየቤቱ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ የተቀመጠው የአባት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ያልሞተ ነው። የሚገድለው አጠጋገኑ ነው።

የስፒከሩን ሕመም ልንገራችሁ፤ ሁሉም ቤት አንድ ነው። ቤዙን የሚያወጣውን ዎፈር ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያያይዘው የስፖንጅ ቀለበት ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበሰብሳል። በጣት ነካ ሲደረግ ይፈረፈራል፤ ጣት ላይ የሚያጣብቅ ጥቁር ብናኝ ይቀራል። ሲከፈት ይንጫረራል፣ ቤዙም ይጠፋል። ነገር ግን ወረቀቱ ደህና ነው፤ ማግኔቱ ደህና ነው፤ ጥቅልሉ ሽቦ ደህና ነው። መቀየር ያለበት ቀለበቱ ብቻ ነው። (ቀለበቱ ከጨርቅ ወይም ከጎማ የተሠራ ከሆነ፣ ካልተቀደደ ጨርሶ አይነካ። ይህን እያልናቸው ቦጭቀው የሚጥሉ አሉ።)

ሥራው የትዕግሥት ሥራ ነው። የአሮጌው ሙጫ ርዝራዥ በአልኮል እየረጠበ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። ወረቀቱ መሐል ላይ ያለችው ቆብ በስለት ትነሣለች። ከሥሯ ጥቅልሉ ሽቦ ማግኔቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት አለ፤ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ክፍተት ዙሪያ ስስ የፕላስቲክ ቁራጮች ይሰገሰጋሉ፤ ሽቦው መሐሉን ሳይለቅ እንዲቆም። ከዚያ አዲሱ ቀለበት ይለጠፍና አንድ ሌሊት ያድራል። በማግሥቱ ቁራጮቹ ይወጣሉ፤ ቆቡ ይመለሳል፤ 30 ኸርዝ የሆነ ዝቅተኛ ድምፅ ተለቆበት ጆሮ ቀረብ ተደርጎ ይደመጣል። ምንም ፍትጊያ ከሌለ ድኗል።

እኛ ስናስጠግን ምን ይባላል? «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተህ ውሰደው።» ጠዋት ሰጥተን ከሰዓት እንወስዳለን። ቀለበቱ ከሌላ ዕቃ የተቆረጠ ደረቅ ጎማ ነው፤ ሙጫው ለጫማ የሚሆነው ነው፤ ሽቦው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ሱቁ ውስጥ ጫጫታ አለ፣ መኪናው ያልፋል፣ ፍትጊያው አይሰማም። ማታ ቤታችን ገብተን ዝግ ያለ ዘፈን ስንከፍት ከእያንዳንዱ ቤዝ ሥር «ክርክር» የሚል ነገር ይመጣል። ተመልሰን ስንሄድ «ይሠራል አይደል እንዴ? ምን ሆንክ?» እንባላለን። አዎ፣ ይሠራል። ድምፅ ይወጣዋል። ግን ማን አዳመጠው?

የባሰውም አለ። «ይሄ ዎፈር አይገኝም፤ በሌላ ቀየርኩልህ፤ እንዲያውም ይሻላል» የሚለው። መስፈርቱ ቀዳዳው መግጠሙ ብቻ ነው። ሳጥኑ እኮ ዝም ብሎ እንጨት አይደለም። ኤድጋር ቪልቹር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ኤአር-1 የተባለውን ስፒከር ሲሠራ ጥብቅ ተደርጎ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ የታፈነው አየር ራሱ ዎፈሩን እየገፋ የሚመልስ ምንጭ እንዲሆን አስልቶ ነው፤ ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ቤዝ መስጠት የቻለው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጥሩ ስፒከር የሳጥኑ ስፋትና የዎፈሩ ልስላሴ አንዱ ለሌላው የተሰፋ ነው። ሌላ ዎፈር ሲገባበት ሳጥኑም፣ ከውስጥ ድምፁን ለዎፈርና ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ትዊተር የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨርም ትርጉም ያጣሉ። ትዊተሩ ሲቃጠልም እንዲሁ ነው። የለሰለሰ የሐር ጉልላት የነበረው ይወጣና በርካሽ የሚገኘው የሚያፏጭ ዓይነት ይገባል። ባለቤቱ «ድምፁ ጠራ» ብሎ ይደሰታል፤ ከሳምንት በኋላ ለምን ራሱን እንደሚያመው ግራ ይገባዋል።

ትዊተሩ በምን ተቃጠለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያቃጥለው አቅሙ ትንሽ የሆነ አምፕሊፋየር ከልኩ በላይ ሲጠየቅ ነው፤ ማዕበሉ ጫፉ ይቆረጥና የተበላሸው ኃይል ወደ ላይኛው ድምፅ እየፈሰሰ ትዊተሩን ያነደዋል። ምክንያቱ ካልታወቀ አዲሱም ይቃጠላል፤ እኛም እንከፍላለን።

አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለውን ጉድ ደግሞ ክዳኑን የከፈተ ያውቀዋል። ፊውዙ ቦታ ላይ የመዳብ ክር ተጠምጥሞ ይገኛል። ስፒከሩን እንዲጠብቅ የተቀመጠው ሪሌ «እያቋረጠ አስቸገረ» ተብሎ በሽቦ ተዘልሏል። ሪሌው የሚያቋርጠው እኮ ምክንያት ስላለው ነው! ከትራንዚስተሮቹ አንዱ ሲበላሽ ቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ወደ ስፒከሩ እንዳይሄድ ነው የሚዘጋው። ሪሌውን ካስወገዱት በቀጣዩ ብልሽት የዎፈሩ ሽቦ በሰከንዶች ውስጥ ይጨሳል። ይህን ያደረገ ሰው የሰው ንብረት አቃጠለ ማለት ነው፤ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል።

ትራንዚስተር ልግዛ ብሎ የወጣም አያርፍ። 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የሚባሉት የቶሺባ ጥንዶች በዓለም ዙሪያ በብዛት ከሚመሰሉት ውስጥ ናቸው። ከላይ ጽሑፉ ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ቁራጭ ግን ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ ይሠራል፤ ጥቂት ከፍ ሲደረግ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ደግሞ ጎረቤቶቹን ይዞ ነው። ኮንደንሰሮቹም ዕድሜ አላቸው፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፣ ድምፁ ይሳሳል፣ ከሥር «ሁም» የሚል ነገር ይመጣል። በአዲስ ይቀየሩ ስንል ከሌላ የተጣለ ቦርድ ላይ የተነቀለ ኮንደንሰር ይበየድበታል፤ ያውም እኩል ዕድሜ ያለው። ስለዚህ የምናስጠግን ሁሉ አንድ ነገር እንልመድ፦ የወጣውን ዕቃ ስጠኝ እንበል። የተቀየረውን በዓይናችን እንይ።

ለባለሙያዎቹም ፍርድ እንስጣቸው እንጂ። በየመንደሩ አንድ ሁለት እጃቸው የተባረከ ሰዎች አሉ፤ ከሪል ቴፕ ዘመን ጀምረው የሠሩ፣ አንድ ስፒከር ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ሕመሙን የሚናገሩ። እነሱ ሦስት ቀን እፈልጋለሁ ሲሉ የምናኮርፈው እኛ ነን። ዋጋ ሲነግሩን «ለአንዲት ቀለበት?» ብለን የምንከራከረው እኛ ነን። ለዕቃው እንከፍላለን፤ ተቀምጠው ላዳመጡበት ሰዓት ግን መክፈል አይዋጥልንም። እንዲህ እያደረግን እነሱም ወደ ሞባይል ጥገና ገቡ። ወጣቱ ማን ላይ ይማር? ቦታቸውስ? አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከሱቁ ጋር አብሮ የጠፋው መሳቢያ ሙሉ የድሮ ዕቃ ነው፤ ቫልቩ፣ መርፌው፣ ቀበቶው።

የመብራቱን ጉዳይ ሁሉም ስለሚያውቀው አላበዛውም። 220 መሆን የነበረበት ማታ ማታ ይወርዳል፤ ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ዘሎ ይመጣል፤ ያቺ የመምጫዋ ሰከንድ ናት የምትገድለው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከመጣም በኋላ ጥቂት ታገሡ። ልናገረው የምፈልገው ግን ከውጭ ስለሚመጣው ዕቃ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ፍቅር በከንቱ ይቃጠላልና።

ዋሽንግተን ወይም ዴንቨር ያለ የወንድም ልጅ፣ አጎቱ ሙዚቃ እንደሚወድ ያውቃል፤ ቆጥቦ ጥሩ ሸክላ ማጫወቻ ወይም አምፕሊፋየር ይገዛል፤ 23 ኪሎ ከተፈቀደለት ሻንጣ ግማሹን ለሱ ሰጥቶ፣ በልብሱ ጠቅልሎ ያመጣዋል። ዕቃው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ለ100። ደስታ ባለበት ቤት ማን ጀርባውን ያነባል? ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ጭስ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ቅጽበት ያልቃል። እባካችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ ላይ ቮልት መምረጫ አለው፤ የሌለው ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

ትራንስፎርመር ገዝቶ የተረፈው ሰውም ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ብዙዎች ምክንያቱን ሳያውቁት ዕቃውን ይረግማሉ። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፤ የኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ፍጥነታቸውን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስዱ የድሮ ሸክላ ማጫወቻዎች ስላሉ፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት እኛ ዘንድ 28 እንኳ አይሞላም። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይሆናል፤ ቅኝቱም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። የምናውቀው ዘፋኝ የማናውቀው ሽማግሌ ይሆንብናል። መፍትሔው ቀበቶው የሚዞርባትን ትንሽ መዘውር ለ50 ኸርዝ በተሠራችው መቀየር ነው፤ ወይም ከመነሻው ፍጥነቱን በኳርትዝ የሚቆጣጠረውን ዓይነት ማምጣት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ለምሳሌ በመብራቱ ኸርዝ አይመራም። የሚያመጣላችሁ ዘመድ ሳይገዛ በፊት ይህን ንገሩት። መርፌም ጨምሮ ያምጣ፤ ክብደቷ ምንም ነው፣ እዚህ ስትፈለግ ግን እንደ መድኃኒት ነው የምትፈለገው።

ዕቃው ሁሉ ተስተካክሎ ቤት ገባ እንበል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ሲሚንቶ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ሰፊ መስታወት ነው። መሐሉ ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ተንጫጭቶ የሚመለስ ከሆነ ምንም ያህል ውድ ስፒከር ብታስገቡ ቃሉ አይጠራም። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ ከአዲስ አምፕሊፋየር በላይ ይጠቅማሉ። ስፒከሮቹ ግን የሚሄዱት ወዴት ነው? አንዱ ከሶፋ ጀርባ፣ ሌላው ከፍሪጁ ጎን፤ ወይ ሁለቱም ጥግ ለጥግ ተወትፈው ቤዙ ይንቦለቦላል። ሁለቱ በጆሮ ልክ፣ ከግድግዳው ራቅ ብለው፣ ከተቀማጩ ጋር ሦስት ማዕዘን ሠርተው መቆም አለባቸው። ይህን ብሎ ዕቃ ያንቀሳቀሰ ሰው ቤት ያበላሸ ተደርጎ ይቆጠራል።

ገመዱን የቀጠለው ሰው ቀዩንና ጥቁሩን በአንዱ ስፒከር ላይ ገልብጦት ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ቦታ አጥቶ በክፍሉ ይበተናል። በአዳራሽ፣ በሆቴል፣ በሰው ቤት ይህ ብልሽት የሌለበት ማግኘት ይከብዳል። ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃ ነው። ሞኖ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ክፈቱ፤ ድምፁ ከሁለቱ መሐል፣ ምንም ስፒከር ከሌለበት ቦታ፣ ነጥሮ ካልመጣ የአንዱን ሁለት ገመድ ቦታ አለዋውጡ። ዘፋኙ መሐል ላይ ሲቆም ይሰማችኋል።

ዝቅ አድርጎ መስማትም መብት አጥቷል። ጎረቤት አለ፤ ቤዝ በሲሚንቶ ውስጥ ሦስት ፎቅ ይወርዳል፤ የሚተኛ ሕፃን፣ የታመመ ሰው ይኖራል። ጥሩ ዕቃ ዋጋው የሚታወቀው ማታ ዝቅ ተደርጎ ሲሰማ ነው። ጆሮ ድምፅ ሲያንስ ቤዙን ቀድሞ እንደሚያጣው ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል፤ በአሮጌዎቹ አምፕሊፋየሮች ላይ «ላውድነስ» የምትለው ቁልፍ የተሠራችው ለዚህ ነበር። እዚህ ግን እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጨምረው እንጂ!» ነው። ሁለተኛው «ብሉቱዝ አለው?» ነው። ከዚያ ስልኩን ያገናኛል፤ አንድ ዘፈን ግማሽ ላይ ይቆርጣል፤ ሌላ ይከፍታል፤ እሱንም ይቆርጣል። በሠርጉም፣ በምግብ ቤቱም፣ ታክሲ ውስጥም አንድ ዘፈን እስከ ጫፉ መስማት ጠፋ። ሰው ለሰዓታት በሞንታርቦ ማስታወቂያ ሲደበደብ ውሎ ማታ የሚያርፍበት ድምፅ ከየት ያምጣ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ወደ መጨረሻ አቆየሁት። ስፒከሩ ድኖ፣ አምፕሊፋየሩ ተስተካክሎ፣ ክፍሉ ተመቻችቶ የምናጫውተው ምንድን ነው? አብዛኛው የኛ ሙዚቃ በእጃችን ያለው ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ፣ ከዚያ ተጨምቆ ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ ነው። በእያንዳንዱ ግልባጭ ሹክሹክታው ይጨምራል። የገለበጠው ቴፕ ድምፅ የሚያነብበት ሄድ በጥቂቱ ያጋደለ ከሆነ ከላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፤ የዋሽንቱ ትንፋሽ፣ የከበሮው ጠርዝ፣ የቃሉ ጫፍ። አንዳንዱ ላይ የአንዱ ወገን ድምፅ ጭራሽ የለም። ተራ ስፒከር ይህን ይሸፍነዋል፤ ጥሩ ስፒከር ግን አንድ በአንድ ያወጣዋል። ብዙ ወጪ አውጥተን የምንሰማው የገልባጩን ስንፍና ነው።

ሸክላው ይሻል ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሌላ ድርጅት ነበር፤ ያንን ተጋፍቶ ነው ለዓለማየሁ እሸቴ፣ ለማሕሙድ አሕመድ፣ ለሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች መንገድ የከፈተው። እነዚያ ትንንሽ ባለ 45 ሸክላዎች ዛሬ የት ናቸው? የተረፉት በከባድ መርፌና በአቧራ የተበሉ ናቸው፤ ደህናዎቹን የውጭ ሰብሳቢዎች ወስደዋቸዋል። መውሰዳቸውን አልነቅፍም፤ የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታትሞ ባይሰማ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፓሪሱ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ በኩል የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞችን ባያወጣ ብዙው ጠፍቶ ነበር። የሚያንገበግበኝ የገዛ አገራችንን ሙዚቃ በጥራት ለመስማት ከፓሪስ ማስመጣት ያለብን መሆኑ ነው።

በካሴቱ ዘመን የወጡት ደግሞ ይህንን ዕድል እንኳ አላገኙም። የመጀመሪያው ቅጂ፣ ሪሉ፣ የሆነ ቦታ ካለ በሙዚቃ ቤት ባለቤት መጋዘን ወይም በወራሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሪል ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ ከተሠሩት ቴፖች ብዙዎቹ ላይ ድምፁ የተቀዳበትን ብናኝ የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ይለሰልሳል፤ እንዲሁ ቢጫወት ሄዱ ላይ ተፍቆ ይቀራል፣ ሙዚቃውም አብሮ ይፋቃል። በትክክለኛ ምድጃ 50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ተሙቆ በባለሙያ ሲጫወት ግን ብዙውን ጊዜ ለመቅዳት የሚበቃ ዕድሜ ያገኛል። ስለዚህ ሪል በእጁ ያለ ሰው ወይም ወራሽ፣ እባክዎ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብለው ማጫወቻ ላይ አይጫኑት። ቆሞ እንደ መጽሐፍ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ ከስፒከር አጠገብም አይሁን፣ ማግኔቱ ይጎዳዋል። ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈውን ስምና ቀን አይጣሉት። ያቀናበሩት፣ የቀዱት፣ ጊታሩን የመቱት ሰዎች ዛሬም ከመካከላችን አሉ፤ ማን ምን እንደተጫወተ ከነሱ አፍ ሊጠየቅ የሚችለው አሁን ነው።